ጡረታን በቦይ ጀልባ ላይ ለማሳለፍ፦ ከግዢው እስከ ብርዱ ወራት የሚያደርስ መመሪያ

«ጡረታ ልንወጣ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ በጀልባ እየኖርን መጓዝ እንችላለን ወይ? ከየት እንጀምር?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ጠያቂዎች በብዛት የሚፈሩት መሪውን ነው። መሪው በሁለት ቀን ይለመዳል። ሰውን ከጀልባ ኑሮ የሚያስወጣው የከሰል ከረጢቱ ክብደት፣ የመጸዳጃው ታንክ፣ ማታ ባዶ የሚሆነው ባትሪና የሚያንሸራትተው እርጥብ ድንጋይ ነው። እነዚህ ሁሉ ቀድመው ከታሰበባቸው መፍትሔ አላቸው። ሳይታሰብባቸው ጀልባ ከተገዛ በኋላ ግን ማስተካከያው ውድ ነው።

እዚህ የምንጽፈው በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውሃ መንገድ ስለሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ቦዮች ነው፤ ከዚህ በኋላ ትረስቱ እንለዋለን። ጀልባዋም ናሮውቦት የምትባለው፣ ስፋቷ 2.08 ሜትር ገደማ የሆነች ረጅም የብረት ጀልባ ናት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዊንድላስ 2 (የሎክ መክፈቻ እጀታ፤ ሎክ ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላ የሚያሻግር ባለ በር ገንዳ ነው)። አንዱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ ያለ መለዋወጫ መውጣት አይገባም
- የትረስቱ ዋተርሜት ቁልፍ 2፦ የውሃ መቅጃውን፣ የመጸዳጃ መድፊያውንና ሌሎች አገልግሎቶችን ይከፍታል
- በሁለት ዓይነት የሚሠራ ማሰሪያ፦ የብረት ካስማ 3 ከመዶሻ ጋር፣ እንዲሁም ዳሩ በብረት ሰሌዳ ለተሠራበት ቦታ መንጠቆ 3
- ገመድ፦ ለፊት፣ ለመሃልና ለኋላ። የመሃሉ ገመድ ርዝመት እየጎተቱት ፕሮፔለሩ ላይ የማይደርስ መሆን አለበት
- በራሱ የሚነፋ የ150 ኒውተን የሕይወት ጃኬት፣ ለእያንዳንዱ ሰው
- የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ (ለጀልባ የተፈቀደውን ዓይነት)፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የእሳት ብርድ ልብስ
- ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ቱቦ፣ ቢያንስ 30 ሜትር
- ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ስለታም ቢላ፣ የእጅ መጋዝ (ፕሮፔለር ላይ ለሚጠመጠም ነገር)
- ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ፣ የራስ መብራት፣ የባትሪ መለኪያ
- የምትሄዱበት ቦይ ካርታ፦ የሎኮች፣ የድልድይ ቁጥሮችና የውሃ መቅጃዎች የተመለከቱበት

1. ሳይገዙ ይከራዩ፤ ሰውነትዎን ይፈትሹ

ለአንድ ሳምንት ይከራዩ፤ ከተቻለ በማርች መጀመሪያ ወይም በኦክቶበር መጨረሻ። በጁላይ የተከራየ ሰው የሚያየው ሽርሽሩን ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ሁለታችሁም፣ እየተፈራረቃችሁ፣ እነዚህን አድርጉ፦ መሪ መያዝ፣ ሎክ መክፈት፣ መጸዳጃ መድፋት፣ ሌሊት ተነስቶ በጠባቡ መተላለፊያ ማለፍ፣ ከዳር ወደ ጀልባ መውጣትና መውረድ። አንዳችሁ ብቻ የምትችሉት ሥራ ካለ ይጻፍ። ያ ሰው በታመመ ቀን ጀልባዋ የምትቆመው እዚያ ላይ ነው።

2. ርዝመቱንና የኋላውን ቅርጽ ይምረጡ

ርዝመት ከ50 እስከ 57 ጫማ (ከ15 እስከ 17.4 ሜትር) ቢሆን ይመከራል። 57 ጫማ በአብዛኛው ቦይ ያልፋል። ለምሳሌ በሊድስ ኤንድ ሊቨርፑል ቦይ ላይ ብዙዎቹ ሎኮች ከ60 ጫማ ገደማ በላይ የሆነ ጀልባ አያስገቡም። ሰፊ ጀልባ ለኑሮ ያምራል፤ ነገር ግን የመሃል እንግሊዝ ጠባብ ሎኮች ስፋታቸው 2.13 ሜትር ብቻ ስለሆነ አገሩን ማዳረስ አይችልም። ዓላማችሁ ጉዞ ከሆነ ጠባቡን ያዙ።

የኋላው መድረክ ለሁለት ሰው መቆሚያ የሚበቃ፣ በዙሪያው መደገፊያ ያለው ይሁን። ባህላዊ በሚባለው ቅርጽ መሪ ያዡ በጠባብ ደፍ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው አይመችም። በሰፊው መድረክ ደግሞ ሞተሩ ያለው ከእግር በታች ነው፤ የሚሸፍነውን ሳንቃ ራስዎ አንስተው ይሞክሩት። ከከበደዎት ለሁለት እንዲቆረጥ ያድርጉ። ወደ ውስጥ የሚያስወርዱት ደረጃዎችም ይታዩ፤ ቀጥ ያለ መሰላል ከሆነ ማስቀየር ቀላል ነው።

3. ከውሃ አውጥተው ያስመርምሩ

መርማሪውን የምትቀጥሩት እናንተ፣ ለገዢው የሚሠራ ይሁን። በአልትራሳውንድ የብረቱን ውፍረት ይለካል። በብዙ ዘመናዊ ጀልባዎች ላይ ሲሠሩ ወለሉ 10፣ ጎኑ 6፣ ጣሪያው 4 ሚሊ ሜትር ነው። የወለሉ ወይም የጎኑ ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ብዙ ኢንሹራንስ ሰጪዎች ሙሉ ሽፋን አይሰጡም፤ ላዩ ላይ ሌላ ብረት ማስበየድ ይመጣል፣ ያም ክብደት ይጨምራል፣ ጀልባዋንም ዝቅ ያደርጋታል። የመያዣ ገንዘብ ስትከፍሉ «ምርመራው ካልጣመን ይመለሳል» የሚል በጽሑፍ ይኑር።

ከሥሩ የሚቀባው ጥቁር ሬንጅ በየ2 እና 3 ዓመቱ ይታደሳል። ብረቱን ከዝገት ለማዳን ራሳቸው የሚበሉት የማግኒዚየም አኖዶችም ያኔ ይታያሉ። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት።

4. ሰነዶቹን ያሟሉ

ትረስቱ ፈቃድ የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ በየ4 ዓመቱ የሚታደስ የጀልባ ደኅንነት ምስክር ወረቀት፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ጀልባዋ የምትኖርበት ሁኔታ። ይህ ሦስተኛው ብዙዎችን ያሳስታል። ወይ ቋሚ ማረፊያ ተከራይታችሁ አድራሻውን ትሰጣላችሁ፣ ወይ ያለማቋረጥ የምትጓዙ ትሆናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ መሠረት ያለማቋረጥ የሚጓዝ ሰው በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም። በሁለት ድልድዮች መካከል ወዲያ ወዲህ ማለትም ጉዞ ተብሎ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቋሚ ማረፊያ የሌላቸው በፈቃዱ ላይ ተጨማሪ ይከፍላሉ። ሕመም ከያዛችሁና መንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ለትረስቱ አሳውቁ፤ ማራዘሚያ የሚጠየቀው አስቀድሞ ነው።

ለባንክ፣ ለጡረታና ለሆስፒታል ደብዳቤ የልጅ ወይም የዘመድ አድራሻ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ከፍቶ በስልክ ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ይሁን፤ የሆስፒታል ቀጠሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ ያልፋል። ሐኪም ቤት ለመመዝገብ ግን በእንግሊዝ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም፤ ቋሚ አድራሻ የለኝም ብለው መመዝገብ ይችላሉ።

5. ኤሌክትሪኩን፣ ውሃውንና መጸዳጃውን በልክ ይያዙ

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። ፍሪጅ፣ የኤልኢዲ መብራት፣ የውሃ ፓምፕ፣ ስልክና ላፕቶፕ አብረው በቀን ከ80 እስከ 120 አምፔር ሰዓት ይበላሉ። 400 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ ካላችሁ የምትጠቀሙበት ግማሹን፣ 200ውን ብቻ ነው። ከግማሽ በታች ደጋግሞ የወረደ ባትሪ ቶሎ ይሞታል። ሊቲየም እስከ 80 በመቶ ድረስ ይለቃል፤ የሞተሩን ቻርጀር (አልተርኔተሩን) ግን ለእሱ ማመቻቸት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ሊቃጠል ይችላል። ጣሪያ ላይ ያለ 400 ዋት ሶላር በጁን ኑሮውን ይሸፍናል። በዲሴምበር ግን የሚሰጠው ኢምንት ስለሆነ ሞተሩን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ማስነሳት ይኖርባችኋል፤ ታስረው ሳሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር አይነሳም።

ስለ እንጀራ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ትንሹ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ 1,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ከ12 ቮልት ባትሪ ይህን ለማውጣት የኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) ብክነት ጨምሮ ወደ 140 አምፔር ይሳባል፤ አንድ ሰዓት ጋገራችሁ ማለት የአንድ ቀን ኑሮን በላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ ከየብስ የሚሰካ መብራት ስታገኙ ጋግራችሁ አቀዝቅዙ፣ ወይም በማያጣብቅ መጥበሻ በጋዝ ጋግሩ። በየብስ መብራትም ቢሆን ትልቅ ምጣድ ከመሰካታችሁ በፊት የመስመሩን አምፔር ጠይቁ፤ 16 አምፔር የሚሸከመው 3,600 ዋት ያህል ነው።

ውሃ የሚቆጥቡ ሁለት ሰዎች 500 ሊትር ታንክ ለአንድ ሳምንት ይበቃቸዋል። መቅጃ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ፤ ቀጣዩ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

የካሴት መጸዳጃ 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ከመሙላቱ በፊት፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድፉት፤ መለዋወጫ ካሴትም ያዙ። በዚሁ መንገድ ከሰልን በ10 ኪሎ ከረጢት፣ ፕሮፔን ጋዝን በ13 ፋንታ በ6 ኪሎ ሲሊንደር ይግዙ። ትንሹ በኪሎ ሲሰላ ይወደዳል፤ ለወገብ ግን ይረክሳል። በብዙ ቦዮች ላይ ከሰል፣ ናፍጣና ጋዝ ጭነው የሚዞሩ የነዳጅ ጀልባዎች አሉ፤ የሚመጡበትን ቀን አጣርታችሁ ካስቆማችኋቸው እናንተ ጋ ያወርዱላችኋል። ቡቴን ጋዝ በብርድ አይነሳም፤ ፕሮፔን ውሰዱ።

6. እሳትና አየር

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በጀልባ ላይ ግዴታ ነው፤ ቁልፉን እየተጫኑ በየሳምንቱ ይፈትሹት። በበሮቹና በጣሪያው ላይ ያሉት የአየር መግቢያዎች ብርድ ቢያስገቡም በጨርቅ አይደፈኑም። ጋዙም ምድጃውም አየር የሚያገኙት በእነሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በጀልባ ውስጥ በከሰል ቡና አይፈላም። ለዕጣን ተብሎ ፍም በማጨሻ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ባርቤኪው ከጠፋ በኋላም ውስጥ አያድርም። እየበረደ ያለ ፍም ሽታ የሌለውን ጋዝ ለሰዓታት ያወጣል፤ የጀልባ ክፍል ደግሞ ዝቅ ያለና ጠባብ ስለሆነ መጠኑ ቶሎ ይገድላል። ቡናውን በጋዝ ምድጃ ቆልታችሁ አፍሉ፣ መስኮት ከፍታችሁ። ፍሙን ከወደዳችሁ ዳር ላይ፣ ከጀልባዋ ርቃችሁ፣ ከብረት በተሠራ ማንደጃ። የምድጃ አመድም ክዳን ባለው ብረት ውስጥ ሆኖ ደጅ ይቀመጥ።

7. መሪና ማሰር

መሪው ከኋላ ቆመው የሚገፉት ረጅም እጀታ ነው፤ ወደ ግራ ሲገፉት አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ጀልባዋ የምትዞረው በመሃሏ ላይ ስለሆነ ኋላዋ ወደ ዳር እንደሚወጣ አይርሱ። ፍሬን የላትም፤ የምትቆመው በኋላ ማርሽ ነው፣ ያኔም መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ቀድመው ያዘግሙ። በቀኝ ይሂዱ፤ ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል (6.4 ኪሎ ሜትር) ነው። የታሰሩ ጀልባዎች ጋ ከመድረስዎ አንድ ጀልባ ርዝመት ቀድመው ነዳጁን ይቀንሱ። ሲደርሱ ብቻ ከቀነሱ ውሃው ካስማቸውን ነቅሎ ይሄዳል።

ለማሰር በዝግታ፣ በ30 ዲግሪ ያህል አፍንጫዋን ወደ ዳር አቅርቡ። የመሃሉን ገመድ ይዛችሁ ርምጃ ወርዳችሁ ያዙት፤ አትዝለሉ። ከዚያ ፊቷንና ኋላዋን ወደ ውጭ በሚሸሹ ገመዶች ሳቡ። ካስማውን ከእግረኛው መንገድ ራቅ አድርጉት፣ ነጭ ነገርም እሰሩበት።

ፕሮፔለሩ ላይ ነገር ሲጠመጠም ሞተሩ ይጨነቃል፣ ጭሱ ይጠቁራል። ሞተሩን ያጥፉ፤ ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ክዳን ከፍተው በጓንት ይቁረጡ። ክዳኑን በሚገባ አጥብቀው ሳይመልሱ ሞተር አይነሳም፤ ክዳኑ የላላ ጀልባ በፕሮፔለሩ ግፊት ውሃ ተሞልቶ ይሰጥማል። በየቀኑ ጉዞው ሲያበቃ የፕሮፔለሩን ዘንግ ግሪስ መስጫ እስኪጠነክር አዙሩት፤ በዘንጉ በኩል የሚገባው የውሃ ጠብታ ካልቆመ ባለሙያ ይየው።

8. ሎክ

ሎክ ጀልባዋን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያወጣ፣ ላይና ታች መዝጊያ ያለው ገንዳ ነው። ውሃው የሚገባውና የሚወጣው ፓድል በሚባሉ፣ በዊንድላስ በሚነሱ ትንንሽ መዝጊያዎች ነው። ጊዜያችሁን ውሰዱ። ከኋላ የሚጠብቅ ጀልባ ቢኖርም ሥርዓቱ አንድ ነው።

*ወደ ላይ ስትወጡ፦*

ሀ. ሎኩ ባዶ መሆኑን አይታችሁ የታችኛውን በር ክፈቱ፣ በዝግታ ግቡ፣ በሩንና የታችኛውን ፓድል ዝጉ።

ለ. ከላይ በኩል በመሬት ውስጥ የሚያልፈውን ፓድል በቅድሚያ፣ በግማሽ አንሱ። ጀልባዋ ስትረጋ ሙሉውን። በበሩ ላይ ያለውን ፓድል ቀዳዳው በውሃ እስኪሸፈን አትንኩት፤ ቀድሞ ከተከፈተ ውሃው በቀጥታ የፊቱ ደጅ ላይ ወርዶ ጀልባዋን ሊሞላ ይችላል።

ሐ. መሪ ያዡ አፍንጫዋ በበሩ ተሻጋሪ እንጨት ሥር እንዳትያዝ ይመልከት። ከተያዘች፦ የላዩን ፓድል ዝጉ፣ ከዚያ የታችኛውን ክፈቱ።

መ. ውሃው ሲተካከል በሩ በቀላሉ ይሄዳል። አልሄድ ካለ አልተካከለም ማለት ነው፤ በጉልበት አትታገሉት። ጀርባችሁን ከበሩ ለተዘረጋው መግፊያ እንጨት ሰጥታችሁ በእግራችሁ ግፉ፤ በክንድ የሚገፋ ሰው ትከሻውን ያመዋል።

*ወደ ታች ስትወርዱ፦* ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። ከላይኛው በር በታች፣ ውሃ ውስጥ፣ ሲል የሚባል የድንጋይ ደፍ አለ። ውሃው ሲወርድ ኋላዋ እዚያ ላይ ከተቀመጠ ፊቷ እየወረደ ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ በደቂቃዎች ውስጥም ትሰጥማለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ መስመር አልፋችሁ ወደ ፊት ቁሙ፤ ሌላው ሰው ኋላዋን እያየ ፓድሉን ያንሳ። ገመድ ይያዛል እንጂ አይታሰርም፤ የታሰረ ገመድ ጀልባዋን ያንጠለጥላል። ከተቀመጠች፦ ወዲያው የታችኛውን ፓድል ዝጉ፣ ከዚያ የላዩን ከፍታችሁ መልሳችሁ ሙሉ።

ዊንድላስ በዘንጉ ላይ ተትቶ አይኬድም። ፓድሉን የያዘው ማገጃ ካመለጠ በኃይል ይሽከረከራል፣ ክንድ ይሰብራል። ካመለጣችሁ ለመያዝ አትሞክሩ፤ ወደ ኋላ ሽሹ። በክፍት በሮች መካከል ያለውን ክፍተት አትሻገሩ፣ በዝግ በር ላይ መደገፊያውን ይዛችሁ እለፉ። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ የመጀመሪያው ነገር ማርሹን ኒውትራል ማድረግ፣ ቀጥሎ ፓድሎቹን መዝጋት ነው። ከሎክ ውጭ ብዙው ቦይ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ብቻ ስለሚጠልቅ «ቁም!» ብላችሁ ጩኹ።

9. መንገዱን ያቅዱ

ስሌቱ ይህ ነው፦ በሰዓት 3 ማይል (4.8 ኪሎ ሜትር)፣ ለእያንዳንዱ ሎክ 15 ደቂቃ። 10 ኪሎ ሜትር ከ8 ሎክ ጋር አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ለጡረተኛ የቀን ሥራ ይህ ይበቃል።

ለመጀመሪያ ከኮቨንትሪ ቦይ የሚገነጠለውን አሽቢ ቦይን እንመክራለን፦ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሎክ የለበትም። ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም፤ መሃሉን ያዙ። ቀጥሎ ላንጎለን ቦይን። በዚያ መንገድ ያለው የፖንትሲስልቲ የውሃ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፣ ከወንዙ 38 ሜትር ከፍ ይላል፣ በጀልባዋ በኩል ባለው ጎኑ ምንም አጥር የለውም። የልጅ ልጆች ከመጡ ውስጥ ይቀመጡ። በተከታታይ 30 ሎክ ያለበትን ታርድቢግን፣ 29 ያለበትን ኬን ሂልንና 21 ያለበትን ሃተንን ሁለታችሁም ሎክ እስክትለማመዱ ድረስ አቆዩ። እንደ ቴምዝ ያለ ወንዝ ሌላ ፈቃድ፣ መልሕቅና ፍሰቱን መከታተል ይጠይቃል።

በየድልድዩ ላይ ቁጥር አለ። ባለፉት ቁጥር በወረቀት ይጻፉት፤ 999 ስትደውሉ የቦዩ ስምና የቅርቡ ድልድይ ቁጥር አምቡላንሱን ወደ እናንተ ያደርሳል። ማታ የምታስሩት መኪና የሚደርስበት ድልድይ አጠገብ ይሁን።

10. የብርዱ ወራት

ትረስቱ ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ሎኮችን እየዘጋ ይጠግናል። የመዝጊያውን ዝርዝር በመከር አንብባችሁ ውሃ፣ መድፊያና ሐኪም ባለበት በኩል ቅሩ። አለበለዚያ በሁለት ዝግ ሎክ መካከል ትከርማላችሁ። ለብርዱ ወራት ማረፊያ የሚከራይበትም ቦታ አለ፤ ቀድሞ ይያዛል። በረዶ በጋገረ ውሃ አትጓዙ፤ ጠርዙ ሬንጁን ይልጣል፣ የሌሎችንም ጀልባ። ጀልባዋን ትታችሁ ለሳምንታት ስትሄዱ ፓምፑን አጥፍታችሁ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሱ፣ የውሃ መክፈቻዎቹንም ክፍት ተዉ።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስሕተቶች

- *ገመዱን በጣም ማጥበቅ።* ውሃው ሲቀንስ ጀልባዋ ታዘነብላለች። ለእንቅስቃሴ ትንሽ ተዉለት።
- *የቦይ ውሃ የነካ እጅን ሳይታጠቡ መብላት።* ከአይጥ ሽንት የሚመጣ ሌፕቶስፓይሮሲስ አለ። ቁስል ይሸፈን፤ ውሃ ከነካችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ «ቦይ ላይ ነው የምኖረው» በሉት።
- *ጣሪያ ላይ እየሄዱ መሥራት።* ጤዛ ያለበት ቀለም እንደ ሳሙና ነው። በውስጥ በኩል እለፉ።
- *ቤቱን ወዲያው መሸጥ።* ቢያንስ የአንድ ዓመት ሙሉ የብርድ ወራት በጀልባዋ እስክታሳልፉ አከራዩት።
- *የመድኃኒት ማዘዣን ለአንድ ፋርማሲ ብቻ ማስላክ።* ከመነሳታችሁ ከሳምንት በፊት በቀጣዩ ከተማ ወዳለው ፋርማሲ አስቀይሩት፤ የአሥር ቀን መጠባበቂያም ይኑራችሁ።